ለአፋልጉኝ ማስታወቂያ የመረጥኩት ፕሮግራም

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ ስንወጣ ሜሮን በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ሜሮን እዚሁ ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር ተወልዳ ያደገች፣ አሁን የሁለት ልጆች እናት የሆነች ሴት ናት። የልብስ ስፌት ቤት ልትከፍት ነው፤ ለዚያም በአንዲት የሰፈር መጽሔት ላይ ሩብ ገጽ ማስታወቂያ ልታወጣ አስባለች።

«አንቲ፣ አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ የሠራሽው ይሄንን አይደል? ዊች አፕ፣ የትኛውን ልጠቀም? ስልኬ ላይ አራት አሉኝ፣ ሁሉም ፍሪ ናቸው።»

«ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ምንድን ነው?» አልኳት።

«የእማዬ ፎቶ። ሙያውን ያስተማረችኝ እሷ አይደለች? ከሥሩ ስልክ ቁጥር፣ በቃ፣ ሳዋ? እሺ አይደል?»

ስልኳን ከፍታ አሳየችኝ። እናቷን ሃያ ዓመት አውቃታለሁ። ስልኩ ላይ ያለው ፊቷ ግን የሕፃን ፊት መስሎ ለስልሷል፤ ግራ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁር ነጥብም የለም።

«ይቺ ነጥቧ የት ሄደች?»

«አንዴ ታፕ ሳደርገው ራሱ ያጸዳዋል፤ ማሻሻያ ነው እኮ!»

ጽፌ እሰጥሻለሁ አልኳት። ሳቀችብኝ። «አንቲ ደግሞ! ስሙን ብቻ ንገሪኝ፤ ምኑ ነው የሚጻፈው?»

የሚጻፈው ይህ ነው።

ሥራ የጀመርኩት አዲስ አበባ፣ በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኜ ነው። ያኔ ፊደል ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ፣ በእጅ ተለቅሞ የሚደረደር ነገር ነበር። የእንግሊዝኛው ለቃሚ ቁጭ ብሎ ይሠራል፤ የእኛ ፊደል ግን ብዙ ስለሆነ ሳጥኑም ሰፊ ነው፣ የአማርኛ ለቃሚ ሲመላለስ ይውላል። እግሬ ማታ ማታ የሚያብጠው ከዚያ ጀምሮ ነው። ጽሑፍን ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ሳይሆን ተገልብጦም ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ መዝሙር ደብተር እንኳ ከፊት ለፊቴ ከተቀመጠ ሰው እጅ ላይ ገልብጬ አነባለሁ።

ናይሮቢ የመጣሁት ብዙዎቻችን በመጣንበት መንገድ ነው፤ አውቶቡስ፣ ሞያሌ፣ ከዚያ ወረቀት ጥበቃ። ስለ ወረቀቱ አልጽፍም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። ልጄን ሩትን አዝዬ መጣሁ፤ የዚህ አገር ሰው እናትን በልጇ ስም ስለሚጠራ ከዚያን ጊዜ ወዲህ በሥራ ቦታ ሁሉ ስሜ ማማ ሩት ሆነ።

መጀመሪያ የቀጠረኝ መሐል ከተማ የሠርግ ካርድ የሚያሳትም ሰው ነበር። ኮምፒውተር የነካሁት እዚያ ነው። አለቃዬ ስለ ማስታወቂያ የነበረው እምነት አንድ ብቻ ነው፤ ደንበኛው ስሙ ተልቆ ከታየ ደስ ይለዋል። «ስሙን አሳድጊው» ይለኛል። አሳድጋለሁ። «አሁንም አሳድጊው።» አንድ ጊዜ የሙሽራው አባት ስም ከሙሽሮቹ ስም በልጦ ወጣና ሙሽሪት ካርዱን ይዛ መጥታ ጠረጴዛው ላይ አለቀሰች። አለቃዬ ግን አባትየው ከፋዩ ናቸው ብሎ በሐሳቡ ጸና።

ከዚያ ኢንዱስትሪያል ኤሪያ ወዳለ ትልቅ ማተሚያ ቤት ተዛወርኩ። ሙያዬን ያወቅሁት እዚህ ነው፤ ያስተማሩኝም ምዜ ኦዱዎር ናቸው። ምዜ ማለት እንደ እኛ «አባባ» ማለት ነው። ለኅትመት የሚገባ ሥራ ሁሉ ፕሌት በሚባለው የማተሚያ ሰሌዳ ላይ ከመውጣቱ በፊት በእሳቸው እጅ ያልፋል። ረጅምና ከሲታ ነበሩ፤ አንገታቸው ላይ በጫማ ማሰሪያ ያንጠለጠሉት ትንሽ የማጉያ መነጽር ነበራቸው። ሉፕ ይሉታል። ሲበሉም አያወልቁትም፤ አንዳንድ ቀን ኡጋሊ፣ የዚህ አገር የበቆሎ ገንፎ፣ ተለጥፎበት ይገኛል።

ልማዳቸውን ልንገራችሁ። ደንበኛ ፎቶ ይዞ ከመጣ መጀመሪያ ተነሥተው እጃቸውን ይታጠባሉ። ፎቶውን በጠርዙ ይዘው ወደ መስኮት ይሄዳሉ። ወደ ብርሃኑ ያጋድሉታል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ያጋድሉታል። ቀጥሎ በሉፕ ያዩታል። ከዚያ ገልብጠው ጀርባውን ያነባሉ። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ደንበኛው ቆሞ ነው፤ ቢቸኩልም ምዜ አይቸኩሉም። በመጨረሻ ይጠይቁታል፤ «በምን ወረቀት ይታተማል? ማን ያየዋል? አይቶትስ ምን እንዲያደርግ ነው?» ኮምፒውተሩ የሚከፈተው ከዚህ በኋላ ነው።

«ማሽኑ ይጠብቃል፤ እሱ አይርበውም» ይሉ ነበር።

ያኔ እንደ ዛሬው አፕ አልነበረም። ለማስታወቂያ ሥራ ሦስት ዓይነት ፕሮግራም ነበረን፤ ምዜ እንደ ሰው ጠባይ እየሰጡ አስተማሩኝ። የገጽ ማቀናበሪያው፣ ያኔ ፔጅሜከር ነበር፣ ታማኝ ዕቃ ቤት ነው፤ ጽሑፉን ጽሑፍ፣ ፎቶውን ፎቶ አድርጎ በየቦታው ያስቀምጣል፣ የሰው ዕቃ አይነካም። የሥዕል ፕሮግራሙ አናጺ ነው፤ ዓርማና ፊደል ይጠርባል፣ ቢያሳድጉት ቢያሳንሱት ጠርዙ አይሻክርም። ፎቶሾፕ ግን ቀዶ ሐኪም ነው።

«ጤነኛ ሰው ቀዶ ሐኪም ቤት አይሄድም፣ ማማ» አሉኝ። «ከሄደ የሆነ ነገር ሳይቆረጥለት አይወጣም።»

ሳቅን። እኔም ጽፌ ያዝኩት። ጽፎ መያዝና በልብ መያዝ ግን የተለያዩ ናቸው።

አቶ ተኽለ የመጡት በሥራው ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይጠራል። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ ለተብርሃን ትባላለች። ከአገር ስትወጣ ድንበር ላይ ጠፍታለች። አንድ ሰው ናይሮቢ ውስጥ በሰው ቤት ስትሠራ አይቻታለሁ ብሏቸዋል፤ የት እንደሆነ ግን አላወቀም።

«ለእኔ ብቻ ቢሆን እታገሥ ነበር» አሉኝ። «እናታችን አርጅታለች። በስልክ ባገኘኋት ቁጥር የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፤ ድምጿን አሰማኝና ልሙት ትላለች። አፋልጉኝ እንዲወጣልኝ ነው፣ እህቴ። ለጋዜጣው ቦታ የሚሆን አጠራቅሜያለሁ።»

ለእኔ ድካም ግን ምንም አልቀበልም አልኳቸው። ቅዱስ ቃሉ መጻተኛን ተቀበሉ ይላል፤ እኔም መጻተኛ ነበርኩ። ልባዊ ነበር። ያ ደግነት ራሱ በኋላ ምን እንደሚያመጣ አላሰብኩም።

ፎቶው ጣት የምታክል ጉርድ ፎቶ ነች፤ ከአሮጌ መታወቂያ ላይ የተላጠች። የመታወቂያው ማኅተም አገጯን፣ ጉንጯንና ግንባሯን አቋርጦ አልፏል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ የደበዘዘ። ከዚያ በቀር ሌላ ፎቶ የለም።

ያን ሳምንት ምዜ ኦዱዎር የወንድማቸው ልጅ ሞቶ ኪሱሙ ለቀብር ሄደዋል። ጋዜጣው ሥራውን በማግሥቱ ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ማስታወቂያው ላይ አንድ የአማርኛ መስመር እንዲኖር ፈልጌያለሁ፤ የቤት ሠራተኛ እንግሊዝኛ ላታነብ ትችላለች። የእኛ ፎንት ግን በጋዜጣው ኮምፒውተር ላይ የለም። በገጽ ማቀናበሪያው ሠርቼ ብልከው እዚያ ሲከፍቱት አማርኛው የጭረት ክምር ሆኖ ይወጣል። የምዜ መንገድ የታወቀ ነበር፤ አማርኛውን በሥዕል ፕሮግራሙ ወደ ቅርጽ ለውጠሽ፣ ወደ ገጹ አምጥተሽ፣ ፎቶውን እንዳለ አስቀምጪ። ረጅም መንገድ ነው። አጭሩን እኔና እዚህ ያሉ የእኛ ሰዎች ሁላችን እናውቀው ነበር፤ ሁሉንም ፎቶሾፕ ውስጥ ጨምሮ ፊደሉንም ፎቶውንም አንድ ሥዕል ማድረግ። ፎንት የለም የሚባል ጣጣ የለም።

አጭሩን መረጥኩ። እዚያ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ብሩሹ አጠገቤ ነበር።

ማኅተሙን ከአገጯ አነሣሁት። ጥሩ ወጣ። ከጉንጯ አነሣሁት። ከዚያ ወደ ግንባሯ ወጣሁ። ከቅንድቦቿ መሐል ከፍ ብሎ ሰማያዊ ብዥታ አለ፤ የማኅተሙ ጭራፊ ነው አልኩ። እሱንም አነሣሁ። ግንባሯ ጠራ። በሥራው ተደሰትኩ፤ አልዋሽም፤ እጄን ወደ ኋላ ሰብስቤ ለረጅም ጊዜ አየሁት።

አቶ ተኽለ ከሰዓት በኋላ መጥተው ፕሩፉን፣ የሙከራ ኅትመቱን፣ አዩ። ብዙ ቆዩ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ።

«ቆንጆ አድርገሻታል» አሉ።

«እሷ ናት?»

«እሷ ናት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴ።»

ማስታወቂያው ወጣ። የደወሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቀልደኛ፣ አንዱ ሻጭ። አቶ ተኽለ ለተወሰነ ጊዜ እየመጡ ይጠይቁኝ ነበር፤ ከዚያ መምጣቱን ተዉት። አንድ ቀን ደውለው እናታቸው እንዳረፉ ነገሩኝ። ለቅሶ ደረስኩ፤ ጸለይኩላቸው፤ የማኅተሙን ነገር አላሰብኩም።

ከዚያ አራት ወር ያህል ቆይቶ ለቤተ ክርስቲያናችን በዓል የሚሆን መጽሔት እንድሠራ ታዘዝኩ። ለኮሚቴው ላሳይ የሥራዬን ናሙና ያጠራቀምኩበትን አቃፊ ይዤ ሄድኩ። ከአምልኮ በኋላ ሻይ ላይ እህት ብርሃኔ አቃፊውን ስታገላብጥ ቆመች። ብርሃኔ ሩንዳ በሚባል የሀብታም ሰፈር፣ በአንድ የውጭ ዲፕሎማት ቤት ትሠራ ነበር።

«ውይ፣ ይቺን ሴትዮ! ይቺን አይቻታለሁ። ጋዜጣው የቀጣሪዎቼ ነው፤ መስኮት ልወለውልበት ስል አየኋት። ጎረቤት የምታበስለዋን ሮዛን ቁርጥ! ላሳያት ብዬም አጥፌ ይዤው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ኋላ ሳስበው ሮዛ ግንባሯ ላይ መስቀል ተነቅሳለች። ይቺ የላትም። ስሟም ለተብርሃን ይላል። ሌላ ናት ብዬ መስኮቴን ወለወልኩበት።»

የሻይ ስኒዬን አስቀመጥኩ። ያን ቀን ማታቱ፣ የሰፈሩን ሚኒባስ፣ ይዤ ሳውዝ ሲ እስክደርስ የጸለይኩት ጸሎት አንድ ነው፤ ያ ሰማያዊ ነገር ማኅተም ይሁን።

አቶ ተኽለ በር ከፍተው አስገቡኝ። ቁጭ ሳልል ጠየቅኳቸው።

«ለተብርሃን ግንባሯ ላይ መስቀል አላት?»

«አላት እንጂ። ልጅ እያለች እናታችን ናት ያስነቀሰቻት።»

«ማስታወቂያው ላይ እንደሌለ አይተው ነበር?»

ቀስ ብለው፣ «አይቻለሁ» አሉ።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«በነጻ ደክመሽ የሠራሽልኝን፣ ይህ ይጎድለዋል ልበልሽ? ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ...» መሬት መሬት አዩ። «እናንተ ጴንጤዎች ንቅሳቱን አትወዱትም ሲሉ እሰማለሁ። ለሃይማኖትሽ ብለሽ ያነሣሽው መሰለኝ። ፊቷ እስካለ ይበቃል ብዬ ዝም አልኩ።»

ለዚህ ዛሬም ያለኝ ግማሽ መልስ ነው። ቀለም መስሎኝ እንዳነሣሁት አውቃለሁ። ግን የማኅተም ጭራፊ መስቀል ሲመስል አንዴም ቆም ብዬ ያላየሁት ለምንድን ነው? የሌላ ሰው እናት የተከለችውን ምልክት ቆሻሻ ነው ለማለት እጄ ለምን ፈጠነ? ይህን በጌታ ፊት ብዙ ጊዜ አቅርቤዋለሁ።

አመሻሹ ላይ ሦስታችን ሩንዳ ሄድን። ብርሃኔ ዘበኛውን በስዋሂሊ አናግራ አስጠራቻት። ሴትዮዋ ሽርጧን እንዳሰረች ወጣች፤ በወረቀቷ ሮዛ፣ በእናቷ አፍ ለተብርሃን። መስቀሉ ግንባሯ ላይ ነበር፤ ከሩቅ ይታያል። ወንድሟን አየች፤ በሩ ላይ ተደግፋ ቀረች። ከዚያ ተቃቀፉ። እኔና ብርሃኔ ወደ አጥሩ ዞር አልን።

ትግርኛ ብዙ አልሰማም። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ግን ገባኝ፤ «እናቴስ?»

አቶ ተኽለ መልሰው አቀፏት። እሷም አልደገመችም።

ሰኞ ጠዋት ጉርድ ፎቶዋን ከአቶ ተኽለ ተውሼ ምዜ ኦዱዎር ጋ ገባሁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። ተነሥተው እጃቸውን ታጠቡ። ፎቶውን መስኮት ላይ አጋደሉት።

«ነይ እዪ። ማኅተሙ ያብረቀርቃል፤ ከወረቀቱ በላይ ስለሆነ ነው። ግንባሯ ላይ ያለው ግን አያብረቀርቅም። አሁን በሉፕ እዪው።»

አየሁት። ማኅተሙ እንደ ፈሰሰ ውኃ ከላይ ተኝቷል። ግንባሯ ላይ ያለው ግን ከፊቷ ጋር አብሮ የተነሣ፣ የፎቶው የራሱ አካል ነው። አራት እጅ አለው። ማየቱ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነበር።

«በስካኑ ብቻ ነው የሠራሁት» አልኩ። «ፎቶውን ራሱን ወደ ብርሃን ይዤ አላየሁትም።»

«ተሳስተሽ የጀመርሽው ከዚያም በፊት ነው። ሥራው የአንዲትን ሴት ፊት እንዳለ ለሰው ማሳየት ነበር። አንቺ ፊት የሚለውጥ ፕሮግራም መረጥሽ። ለምን?»

«ስለሚቀለኝ።»

«ለእሷስ?» አሉኝና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሌላ ቀን አንሥተውት አያውቁም።

የእናትየው ሙት ዓመት ሲቃረብ ለተብርሃን ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣች። ብቻዋን ነበረች። ይቅርታ የጠየቅኳት ያን ቀን ነው፤ ቆማ ሰማችኝ። ጣቷን ግንባሯ ላይ አሳረፈች።

«ሲነቅሱኝ እናቴ ጭኗ ላይ አስተኝታ ይዛኝ ነበር» አለች። «በጣም ያማል። እጇ ሽንኩርት ይሸታል፤ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።»

ከቦርሳዋ አንድ ፎቶ አወጣች። የእናቷ ነው። ውኃ ነክቶት ከጉንጫቸው እስከ አንገታቸው ቡናማ እድፍ ወርዷል። እሳቸውም ግንባራቸው ላይ መስቀል አላቸው።

«ለመታሰቢያዋ ካርድ እንድትሠሪልኝ ነው።»

ከከተማው ማተሚያ ቤት ሁሉ እኔ ዘንድ ለምን እንደመጣች አልጠየቅኳትም። «እድፉስ?» አልኳት።

«እንዳለች ትውጣ። አትንኪብኝ።»

እጄን ታጠብኩ። ፎቶውን ወደ መስኮት ወስጄ አጋደልኩት፣ በምዜ ሉፕ አየሁት፣ ጀርባውን አነበብኩ። ካርዱን በገጽ ማቀናበሪያው ሠራሁ፤ የትግርኛውን ጽሑፍ በረጅሙ መንገድ፣ ፎቶውን ከነእድፉ። ለተብርሃን ፕሩፉን አየች። እንደ ወንድሟ ብዙ አልቆየችም። «አዎ፣ ይቺ ናት» አለች።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ምዜ ጡረታ ወጡ፤ ፕሮግራሞቹ ስማቸውን እየለወጡ መጡ፤ ፔጅሜከር ቀርቶ ኢንዲዛይን ሆነ፤ የእኛ ፊደልም ዛሬ በሁሉም ማሽን ላይ ይከፈታል፣ ጌታ ይመስገን። የመጨረሻው መሥሪያ ቤቴ ዌስትላንድስ ያለ የማስታወቂያ ድርጅት ነበር። ሲቀጥረኝ ልጄ የሚሆን አለቃ፣ «የትኛው ሶፍትዌር ላይ ነው ይበልጥ ጎበዝ የሆኑት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሥራውን ሳላይ አላውቅም» አልኩት። አርጅታለች ብሎ ሳይሆን አይቀርም ፈገግ ያለው፤ ቢሆንም ቀጠረኝ። ቢሮው ውስጥ ለእጅ መታጠቢያው የምቀርበውን ጠረጴዛ መረጥኩ።

እንግዲህ ሜሮን፣ የጠየቅሽኝ ስም ነበር። ከአራቱ ውስጥ ፊት የማይነካው የትኛው እንደሆነ አላውቅም፤ ካለ እሱ ነው። ሁሉም የሚነኩ ከሆነ የማጽጃዋ ቁልፍ የት እንደምትጠፋ አብረን እንፈልጋለን። ደንበኞችሽ እናትሽን ገበያ ላይ የሚለዩዋት በዚያች ነጥብ ነው።

እሑድ ስትመጪ ስልኩን ተይው፤ ፎቶውን ራሱን ይዘሽ ነይ። እጄን ታጥቤ እጠብቅሻለሁ።